አባቴ ጮራ ይላቸው የነበሩ ነገሮች

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሃርጌሳ ሄጄ፣ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር በእግሬ ሳልፍ የተቃጠለ ብረት ሸተተኝ። የብየዳ ሽታ የትም አገር አንድ ነው፤ ምላስ ላይ የሳንቲም ጣዕም ይተዋል። ሽታውን ተከትዬ ስሄድ አንድ ወጣት ደጃፍ ላይ ተንበርክኮ የግቢ በር ይበይዳል። ኤሌክትሮዱ ተጣብቆበት በአማርኛ ሲሳደብ ሰማሁና ሳቄ መጣ። የወሎ ልጅ ነው። በሩ ላይ ከግርጌው ግማሽ ክብ አለ፤ ከግማሽ ክቡ ዙሪያ ቀጫጭን ብረቶች ወደ ላይና ወደ ጎን ይበተናሉ።

«ይሄን ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት።

መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገ። «ዲዛይኑን ነው?»

«ስም የለውም?»

«የፀሐይ ዲዛይን እንበለዋ። እኔ ለደንበኛ በስልክ ፎቶ ነው የማሳየው፤ ስም ምን ያደርግለታል እህቴ?»

ልጁ ምንም አላጠፋም፤ እኔ ግን ተናደድኩ። እኛ ቤት ስም ነበረው። ጮራ ነበር የሚባለው።

ጮራ ማለት ለሌላው ሰው ፀሐይ ስትወጣ የምትፈነጥቀው ብርሃን ነው። በዓይን ይታያል እንጂ በእጅ አይያዝም። አባቴ ግን ቃሉን ከሰማይ አውርዶ ብረት ላይ በየደው። ግማሽ ክቡ «እናት» ነበር፤ ከእናቱ የሚወጡት ብረቶች አንድ በአንድም፣ ሁሉም አንድ ላይም ጮራ ይባሉ ነበር። «ሦስተኛው ጮራ ጠሟል» ይላል፤ «እገሌ በሬን ጮራ አድርግልኝ ብሏል» ይላል። እናቴ ይሄን አነጋገር አልወደደችውም። «ጮራ ሲፈነጥቅ እንጂ ሲበየድ ሰምቼ አላውቅም» ትለው ነበር። «እንግዲህ ስሚ» ይላታል፣ ሥራውን ሳያቋርጥ።

ብየዳን የተማረው ድሬዳዋ፣ የባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ታሰረ። ጓደኞቹ ሲረሸኑ እሱ አመለጠና እኔን ያረገዘች እናቴን ይዞ ድንበር ተሻግሮ ሃርጌሳ ገባ። የተሸሸገባት አገር ሶማሊያ ደግሞ ኢትዮጵያን የወጋች ጠላት ስለነበረች፣ በማምለጡ ላይ ከሃዲነት ተጨመረበት። «ኢትዮጵያ ብታገኘኝ አትምረኝም» ይል ነበር፣ ግማሹን በቀልድ። እኔ ኢትዮጵያ የምትባል ሴት ያለች ይመስለኝ ነበር። ረጅም፣ ዱላ የያዘች፣ ከአባቴ ጋር የቆየ ጠብ ያላት ሴት። ሰው ሁሉ ሐበሻው እያለ ሲጠራው፣ ያቺ ሴት እንዳትሰማ ስሙን እየደበቁለት ነው ብዬ አስብ ነበር።

ወርክሾፑን ያከራየን ጎረቤታችን አዴር ኑር ነው። አዴር ማለት በሶማሊኛ አጎት ነው፤ ልጅ ለማንኛውም ትልቅ ሰው ይለዋል። ወፍራም፣ ጫት የማይለየው፣ ተረበኛ ሰው ነበር። አባቴ በመጀመሪያው ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሠርቶ ነበር አሉ። ደንበኛው አንገቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየና «ይሄማ መስቀል ነው» አለ። እውነትም ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄዱት ጮራዎች ከሌሎቹ ረዘም ብለው ነበር፤ አባቴ ሳያስበው እጁ የለመደውን ሠርቷል። ሰውዬው ካልፈረሰ አልወስድም ብሎ ሲቆጣ ኑር መሃል ገባና ፀሐይዋ በመጋዝ ለሁለት ተከፈለች። ከዚያ ወዲህ አባቴ ግማሽ እንጂ ሙሉ ሠርቶ አያውቅም። ኑር ደንበኛ ሲያመጣ «ክርስቲያኑ ግማሿን ያወጣታል፤ የቀረችውን አላህ ያውጣት» ይል ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የእኔ ሥራ ጮራ መደርደር ነበር። አባቴ ወርክሾፑ ወለል ላይ የፈሰሰውን አሸዋ በእጁ ይደለድልና ሚስማር ተክሎ፣ ክር አስሮ ግማሽ ክቡን ይነድፋል። እኔ የተቆራረጠውን ፌሮ ከአጭር እስከ ረጅም መርጬ ንድፉ ላይ አስተኛለሁ፤ አጭሩ ዳር፣ ረጅሙ መሃል። ስጨርስ ወንበር ላይ ያቆመኛል። «ከላይ እዪው» ይለኛል። ከላይ ሲያዩት የጠመመው ወዲያው ይታያል። ከተበየደ በኋላ በሽቦ ብሩሽ እፈትገዋለሁ፤ ቀዩን የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አንቲረስቱን፣ እቀባዋለሁ። ጥፍሬ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነበር።

ቃሉ ከበር ላይ ወርዶ ወደ ሌላው ዓለም የሄደው በእኔ ምክንያት ነው። አንድ ቀን የተሰነጠቀ የመኪና መስታወት አይቼ «አባ፣ ጮራ» አልኩት። ቆም ብሎ አየና «እውነትሽን ነው» አለ። ከዚያ ጨዋታ ሆነ። ጃርት ጮራ ነው። የኑር ሚስት ኤዶ ሐሊሞ፣ አክስት ሐሊሞ እንደማለት፣ ስትስቅ የዓይኗ ጠርዝ ጮራ ነው። አቧራ ላይ ጠብ ያለ ውሃ ጮራ ነው። የብስክሌት ጎማ ሳቀርብለት ግን እምቢ አለ።

«ጮራ ሦስት ነገር አለው» አለኝ። «ከአንድ ቦታ ይነሳል። እየሄደ ይራራቃል። ተመልሶ አይገናኝም። የአንቺ ጎማ ጫፉ ላይ በክብ ብረት ታስሯል። የታሰረ ነገር ጮራ አይባልም።»

«ሎሚ ሲቆረጥስ?»

«ልጣጩ አስሮታል።»

«የሸረሪት ድርስ?»

«እሱማ ራሱ እስር ቤት ነው» አለና ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ በዚያ ዓመት፣ የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ማለዳ ተኩስ ቀሰቀሰን። መንግሥትን የሚወጉት አማፅያን ከተማ ገብተዋል ተባለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መብራት ጠፋ፤ የአባቴ ማሽን ዝም አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ አውሮፕላኖች መጡ። መጡ ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ የሚነሱት እዚያው ከከተማችን ማረፊያ ነው። ከማረፊያው ሲነሱ እሰማቸዋለሁ፣ ወዲያው በላያችን ያልፋሉ፣ ወዲያው ምድር ይናወጣል፣ ወዲያው ተመልሰው ያርፋሉ። እኔ ከእኛው ማረፊያ እስከተነሱ ድረስ የእኛ ናቸው፣ የሚያፈርስብንን ጠላት እያባረሩ ነው ብዬ አመንኩ። ከብየዳው ጠረጴዛ ሥር ተደብቀን፣ ሲነሱ በሰማሁ ቁጥር «ደረሱልን» እላለሁ። እናቴ ራሴን ተጭና በጉልበቶቿ መሃል ትይዘኛለች። አንድም ቀን አላረመችኝም።

ኑርን የገደለው ግን አውሮፕላን አይደለም፤ ከኮረብታው የተተኮሰ ሞርታር ነው። ፀጥ ሲል ሬዲዮውን ይዞ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ከሚስቱ ጋር ሲነጋገር ድምፁን ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ፍንዳታው። እኔን አላስወጡኝም። ቀበሩት፤ የሄዱትም ሁለት ሦስት ሆነው አጎንብሰው ነው።

በማግስቱ ውሃ ልንቀዳ ስንወጣ አስፋልቱን አየሁት። መሃሉ ላይ ሰሃን የምታህል ጎድጓዳ አለች። ከእሷ ዙሪያ ወደ ውጭ የተቦጫጨሩ ነጫጭ ጭረቶች ይሄዳሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ዓይኔ የለመደውን ሥራ ሠራ። ከአጭር እስከ ረጅም ደረደራቸው።

«አባ፣ ጮራ» አልኩ።

እናቴ በጥፊ መታችኝ። አባቴ አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ምልክቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«አይደለም» አለ።

«ለምን? ከአንድ ቦታ ተነስቷል። ተራርቋል። አልተገናኘም።»

«አይደለም አልኩሽ።»

ወርክሾፕ ገብቶ ጮራ ከምንነድፍበት ወለል አሸዋ በአካፋ እያፈሰ መጥቶ ሸፈነው። ሁለቴ ተመላለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ቃሉን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ኑር አለቀስኩ፤ ግን እውነቱን ልናገርና በአባቴ ተበሳጭቼ ነበር። ሕጉን ያወጣው እሱ፣ ያፈረሰው እሱ።

ቀጥሎ የመንግሥት ወታደሮች በየቤቱ መግባት ጀመሩ። ሰው የሸሸበትንም ያልሸሸበትንም ቤት ቆርቆሮውን፣ መስኮቱን፣ በሩን እየነቀሉ በካሚዮን ይጭናሉ። ወርክሾፑን ሲያዩ አባቴን ከነመጋዙ ወሰዱት። የብረት በር በመዶሻ ከነቀሉት ይጣመማል፤ የተጣመመ በር ገዢ የለውም። ስለዚህ በየሰፈሩ እየዞረ ማጠፊያውን ይቆርጥላቸዋል። አብዛኛውን በር የሠራው ራሱ ስለነበረ የት ጋ እንደሚላቀቅ ያውቃል። ለዚያ ሲሉ እኛን አልነኩንም፤ እንዲያውም ሩዝ ሰጡን።

እኔ ሥራ በዛልን ብዬ ደስ አለኝ። ካሚዮኑ በእኛ ጮራዎች ተሞልቶ ሲያልፍ ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። «ሰው ሲመለስ ለየቤቱ ይገጥምላቸዋል አይደል?» አልኳት እናቴን።

«አዎ» አለች።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ኤዶ ሐሊሞ ቤት አመጡት። ለባሏ ሐዘን ነጭ ልብስ ለብሳ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ገና ትንሽ የሆነው ልጇ አብዲ ቀሚሷን ይዟል። በሩ ሁለት ክፍል ነው፤ ሲዘጋ ሩብና ሩቡ ተገናኝቶ ግማሽ ፀሐይ ይሆናል። አባቴ መጋዙን ይዞ ቀና ማለት አቃተው። በሶማሊኛ «ይቅር በይኝ» አላት።

«አንተ ካልነቀልከው እነሱ በመዶሻ ይነቅሉታል፤ ግድግዳዬም አብሮ ይሄዳል» አለችው። «ቀስ ብለህ ቁረጠው።»

ቀስ ብሎ ቆረጠው። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ላብ መስሎኝ ጨርቅ አመጣሁለት።

ከሰዓት በኋላ ሐሊሞ በር ከሌለው ግቢዋ ወጥታ ወደ እኛ መጣች። አልተቀመጠችም። እናቴን ነው ያናገረቻት፣ አባቴ እየሰማ።

«በሮቹ አንድ ቀን ያልቃሉ። ያን ቀን እነዚህ ሰውዬሽን ይገድሉታል። እነሱ ቢተዉት ደግሞ የእኛዎቹ አማፅያን ሲገቡ፣ ለወታደር በር ሲሸከም ያየው ሰው ብዙ ነው። እኔ ነገ እሄዳለሁ። ይዘሽው ተነሺ።»

«ወዴት?»

«ሰው ሁሉ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ኢትዮጵያ ነዋ።»

እናቴ ሳቀች። ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «ከድጡ ወደ ማጡ» አለች በአማርኛ።

«እናንተ ሂዱ» አለ አባቴ። «እኔ እዚሁ እቀራለሁ።»

«አንተ የቀረህበት እቀራለሁ። ልጅቷም ትቀራለች። ወስን» አለችው እናቴ።

ሦስቱ ተቀምጠው ተመካከሩ። ኢትዮጵያ ድንበር ላይ የሚሸሹትን ሶማሌዎች እየተቀበለች ነው፤ ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ ማለፍ ይቻላል። የእናቴ ሶማሊኛ የገበያ ሶማሊኛ ነው፣ ችግር የለበትም። የእኔ ከሐሊሞም ይሻላል። የአባቴ ግን ለሥራ ይበቃል እንጂ ጉሮሮ የሚፈልገውን ፊደል ሁሉ ስለሚያላላው በሁለት ቃል ሐበሻነቱ ይታወቃል። ስለዚህ ዲዳ ይሁን ተባለ። ከተወለደ ጀምሮ የማይሰማና የማይናገር የሐሊሞ ወንድም። የኑርን ሽርጥ አስታጠቁት። የእኔ ስም ሰላም ነበር፤ ሳልማ ሆንኩ። እናቴ ሁለቱን ጉንጮቼን ይዛ «ከአሁን ጀምሮ አማርኛ የለም» አለችኝ። «አንድም ቃል። እስክነግርሽ ድረስ።» ይሄን የነገረችኝ በአማርኛ ነው።

መንገዱን ብዙ አላስታውሰውም። ቀን አውሮፕላን ስለሚያሳድድ ግራር ሥር እንተኛለን፤ ሲመሽ እንሄዳለን። ያገሬው ሰው ሁሉ እየሄደ ነበር። ሽማግሌ በጋሪ፣ ሕፃን በጀርባ። እኔ የሞተ ሰው ሳይ ፊቴን አዙሬ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። የደረቀ ኩሬ ስንጥቅ አየሁ፤ ጮራ አይደለም፣ ይገናኛል። የግመል አፅም አየሁ፤ የጎድን አጥንቶቹ ይራራቃሉ፣ ግን ከአንድ ቦታ አይነሱም። የደረቀ የእሾህ አበባ አየሁ፤ እሱ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ። አፌን ልከፍት ስል ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ቃሉ አማርኛ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያስታወስኩት። ዋጥኩት። እንዲያ እየፈረድኩ ባልሄድ ኖሮ እስከ ድንበሩ የምደርስ አይመስለኝም።

ድንበሩ ላይ የደረስነው ጠዋት ነው። ሜዳ ነበር። ዱላ የያዘች ሴት በዓይኔ ፈለግኩ፤ የለችም። ገመድ ተዘርግቷል፣ ከገመዱ ወዲያ የኢትዮጵያ ወታደሮች ቆመዋል፣ ሰዉ ተሰልፎ ያልፋል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል። አንድ ሶማሌ አስተርጓሚ ሰልፉ ራስ ላይ ሆኖ ያናግራል። አንድ ወጣት ወታደር በኮዳ ውሃ እየዞረ ያድላል። «ጠጪ፣ ጠጪ፣ ቀስ ብለሽ» አለኝ። ከቤታችን ሰዎችና ከጥቂት እንግዶች በቀር አማርኛ የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንደ እናቴ ነው የሚያወራው። ልስቅለት ስል እናቴ ክንዴን ጨመቀችው፤ በሶማሊኛ አመሰገንኩት።

ተራችን ሊደርስ ጥቂት ሲቀር አንዲት ፍየል ከሰልፉ አፈነገጠች። ትንሹ አብዲ ከእናቱ እጅ አምልጦ ተከተላት፤ ድንጋዮቹን አልፎ ሊገባ ነው። ወታደሩ ኮዳውን ጣለ።

«ልጁን ያዙት! ፈንጂ ነው!»

በአማርኛ ነው የጮኸው። ሰልፉ በሙሉ ወደ ወታደሩ ዞረ፣ ማን ምን አጠፋ ብሎ። አባቴ ብቻ ወደ ልጁ ዞረ። በሦስት እርምጃ ደርሶ አብዲን ከኖራው ድንጋይ ላይ አንጠልጥሎ አነሳውና ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞት ቆመ።

«ጎበዝ» አለ ወታደሩ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እውነተኛ ምስጋና ነበር። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ተለወጠ። «አማርኛ ትሰማለህ?»

አባቴ አብዲን ወደ ሐሊሞ ዘረጋላት። ሐሊሞ ልጇን ተቀበለችውና ለአስተርጓሚው ተናገረች። «ዲዳ ነው ትላለች» አለ አስተርጓሚው። «ወንድሟ ነው። አይሰማም፣ አይናገርም።»

«የማይሰማ ሰው እንዴት ሰማኝ?» አለ ወታደሩ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊገባው ፈልጎ ነው የጠየቀው።

አንድ መቶ አለቃ መጣ። ነገሩን ሰማ፣ አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ እጆቹን አየ። የብየዳ ጠባሳ ያለባቸው እጆች ናቸው። ከዚያ ሐሊሞን፣ እናቴን፣ እኔን ተራ በተራ አየን።

«ቤተሰቡን በሙሉ አውጧቸው» አለ። «ሴቶቹንም፣ ልጆቹንም። ለብቻ ይመርመሩ።»

«ተዋቸው» አለ አባቴ።

ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ ድምፁን አልሰማሁም ነበር። ጠርቶ ነው የወጣው፤ ንጹህ አማርኛ።

«አላውቃቸውም። መንገድ ላይ ተጠግቻቸው ነው፤ ዲዳ መስያቸው አዝነውልኝ ነው። የድሬዳዋ ሰው ነኝ። ብቻዬን ነኝ።»

«ሚስት የለህም?»

«የለኝም።»

«ልጅ?»

«የለኝም።»

መቶ አለቃው በአስተርጓሚው አስጠየቀ። ሐሊሞ አብዲን እንደታቀፈች «አላውቀውም» አለች፤ እንባዋ በልጁ ራስ ላይ ይወርዳል። እናቴ በሶማሊኛ «አላውቀውም» አለች። ቃሉን ሳታደናቅፍ፣ ጉሮሮ የሚፈልገውን ፊደል ሁሉ በቦታው አድርጋ። ጥፍሮቿ ግን ትከሻዬ ውስጥ ገብተው ነበር።

ገመዱን አንስተው እኛን አሳለፉን። እሱን ወደ ካሚዮኑ ወሰዱት። ሽርጡ አላራምድ ስላለው በአንድ እጁ ሰብሰብ አድርጎ ይሄዳል። አልዞረም። እናቴ አሁን ትጠራዋለች፣ ውሸትህን ነው ትለዋለች ብዬ ቀና ብዬ አየኋት፤ ፊት ለፊቷን እያየች ትራመዳለች። የጮራን ሕግ ሲነግረኝ በሚናገርበት ድምፅ ነበር ልጅ የለኝም ያለው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አመንኩት።